የማግኖሊያዬ ባለዕዳ

ነፍስ አባቴ ስለ ዛፍ ጠይቀውኝ አያውቁም። ጾም ገድፌ እንደሆነ፣ ሰው አምቼ እንደሆነ፣ ዐሥራት አጉድዬ እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ የችግኝ ሥር አንቄ እንደሆነ ግን አንድም ቀን አላነሡብኝም። እኔም ካልተጠየቅኩ አልናገርም። ስለዚህ ይህ ኃጢአት ሳይነገር ተከማችቶ ቆይቷል። ዛሬ በአደባባይ ላውጣው። የበደልኩትም ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ቆሞ ስወጣ ስገባ የሚታዘበኝን አንድ የማግኖሊያ ዛፍ ነው።

ማግኖሊያ ብዙ ዓይነት አለው። በመጋቢት ቅጠል ሳያወጣ በሮዝ አበባ የሚሸፈነውን ከቼሪው ጋር እያምታታን ሥሩ ፎቶ ያልተነሣን የዋሽንግተን አካባቢ ሰው ጥቂት ነን። እኔ የምለው ሌላውን፣ ክረምት ከበጋ ቅጠሉን ለብሶ የሚኖረውን፣ የሳይንስ ስሙ ማግኖሊያ ግራንዲፍሎራ የሆነውን ነው። አገሩ የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከሰሜን ካሮላይና ጠረፍ እስከ ፍሎሪዳ፣ በምዕራብም እስከ ምሥራቅ ቴክሳስ ይበቅላል። ሚሲሲፒ ዛፏም አበባዋም አድርጋዋለች፤ ሉዊዚያናም አበባዋ ይኸው ነው። ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ከላይ ያብለጨልጫል፣ ከሥሩ ቡናማ ለስላሳ ጠጉር አለው። አበባው ነጭ ነው፤ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ሎሚ ሎሚም ይሸታል።

እኔን የጀመረኝ ቅናት ነው። ከአጥሬ ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ ሚሲሲፒ ተወልደው ያደጉ ጡረተኛ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ፣ ከነፋስ ተከልሎ፣ ጣሪያቸውን ያለፈ ማግኖሊያ አላቸው። የፈረንጆቹ ጁን ሲገባ ሽታው አጥር ዘሎ እኔ ሳሎን ይገባል። እንግዶቼ ቡና እየጠጡ «ይሄ ደስ የሚል ሽታ የምንድን ነው?» ይላሉ። «የጎረቤቴ ዛፍ ነው» ማለት ሞቴ ሆነ። እኔ ቤት ተቀምጠው፣ የእኔን ቡና እየጠጡ፣ የሰው ዛፍ ያደንቃሉ! የሰው ወርቅ አያደምቅ አልኩና የራሴን ልተክል ቆረጥኩ።

ሌላ ሰው ቢሆን አጥሩን ተጠግቶ «አባት፣ ይህን ዛፍ እንዴት አድርገው አሳደጉት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ጠይቄ ከማወቅ ይልቅ ሳልጠየቅ ማስረዳት ይቀናኛል። ስለዚህ ስልኬን ይዤ ታሪኩን ማጥናት ጀመርኩ። ስሙን ያገኘው ከ1638 እስከ 1715 (ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው) ከኖረው የሞንፔሊዬ ሰው፣ ከፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ከፒየር ማኞል መሆኑን፣ ማኞልም ዕፅዋትን በቤተሰብ መመደብን ካስጀመሩት አንዱ መሆኑን በቃሌ ያዝኩ። የማግኖሊያ ወገን ከንብ በፊት ምድር ላይ ስለነበረ አበባውን በዋናነት የሚያራባው ጢንዚዛ መሆኑንም አጠናሁ።

በመጨረሻ ዋይት ሐውስ ደረስኩ። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን የሞተችባቸውን ባለቤታቸውን ሬቸልን ለማሰብ ከቴነሲ እርሻቸው አስመጥተው ተከሉት የሚባል ማግኖሊያ ነበር። እስከ 1998 ሲታተም በነበረው የ20 ዶላር ጀርባ ላይ ከሕንፃው ጎን ይታያል። በ1994 አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ግቢው ውስጥ ስትከሰከስ ዛፉን ገጭታዋለች። በ2025 ደግሞ እርጅናው ለሰው የሚያሰጋ ሆኖ ተቆረጠ። ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ አንድ አሮጌ 20 ዶላር ለይቼ ኪሴ ውስጥ አኖርኩ። ልደት ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አውጥቼ እያሳየሁ «እኔም የምተክለው ይህንኑ ነው» እላለሁ። ገና አንድ ጉድጓድ አልቆፈርኩም። በኋላ ባለቤቴ ብሩን ኪሴ ውስጥ አግኝታ ወተት ገዛችበት፤ እኔም ዐረፍኩ፣ ለቀስተኛውም ዐረፈ።

ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ የማረከኝ ግን የዛፉ ጥንካሬ ነው። ብርድ ይችላል፤ ተባይና በሽታም እምብዛም አይደፍሩትም። ይህ ለእኔ የተፈጠረ ዛፍ ነው አልኩ። እኔ ቃሪያ ተክዬ ማጠጣት የምረሳ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ለምና ያመጣችው ጤና አዳም የደረቀው እሷ ለሥራ ስትሄድ ለእኔ አደራ በሰጠችበት ሳምንት ነው። እናም የፈለግኩት እኔ ሳልደክም የሚበረታ ዛፍ ነበር። ጠባዬን ማረም ስለከበደኝ ጠባዬን የሚችል ዛፍ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ።

የወጣሁት ደግሞ በኅዳር ነው፤ ችግኝ መሸጫዎች ዋጋ የሚጥሉት ያኔ ነዋ። ሻጩ መጀመሪያ ስም ያላቸውን አሳየኝ። ብራከንስ ብራውን ቢዩቲ የሚባለው ከደቡብ ካሮላይና የተገኘ ነው። ኢዲት ቦግ የሚባለው ደግሞ ኒው ጀርሲ ሞንትክሌር ውስጥ፣ በአንዲት ሴት ግቢ ብርዱን ችሎ የኖረና በስሟ የተጠራ ነው። ሁለቱም በብርድ ቻይነታቸው የታወቁ ናቸው። ሊትል ጄም የሚሉት 6 ሜትር ገደማ ላይ የሚቆም፣ ለጠባብ ግቢ የሚመች፣ ገና በልጅነቱ የሚያብብ ነው፤ ብርድ በመቻል ግን ከሁለቱ ያንሳል። እነዚህ ከእናት ዛፍ ቅርንጫፍ የተባዙ ስለሆኑ ጠባያቸው አስቀድሞ ይታወቃል። ዋጋቸውን ስሰማ ግን እግሬ ወደ ጥጉ ወሰደኝ። እዚያ ከዘር የበቀለ፣ ስም የለሽ፣ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ አንድ ችግኝ ቆሟል።

«ይሄ እስኪያብብ 10 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ብርድ መቻሉም እንደ ዕድልህ ነው» አለኝ ሻጩ። በትሕትና ራሴን ነቀነቅኩ። አንዱንም አልሰማሁት፤ የተረፈኝን ገንዘብ እያሰላሁ ነበር። ኅዳር ለዚህ ዛፍ ክፉ ወር መሆኑንም ነገረኝ። የማግኖሊያ ሥር ወፍራምና ሥጋማ ነው፤ ውኃ የሚመጥጡ ቀጫጭን ሥሮቹ ጥቂት ስለሆኑ በቶሎ አይያያዝም። እዚህ ባለው ብርድ የሚሻለው በሚያዝያ ተተክሎ በጋውን ሙሉ ሥር ሲሰድ መክረሙ ነው። «ሚያዝያ ላይ ተመለስ» አለኝ። ሚያዝያ ላይ ቅናሽ የለማ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የብርድ ዋዜማ ላይ ሥሩ ያልያዘ ዛፍ መኪናዬ ላይ ጭኜ መጣሁ።

ቀጥሎ የመጣው የቦታው ጉዳይ ነው። ጎረቤቴ ከቤት ጀርባ ነው የተከሉት፤ ከቤት ጀርባ ግን ማን ያየዋል? እኔ መንገደኛው ሁሉ እንዲያየው ከፊት፣ ከመኪና መግቢያው ጥግ፣ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ከነጓዙ በሚያልፍበት በኩል መረጥኩለት። ከግድግዳው ያለው ርቀት ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ይህ እንግዲህ ሲያድግ ቁመቱ ከ20 ሜትር ሊያልፍ፣ ጎኑም 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሰፋ የሚችል ዛፍ ነው። ባለቤቴ በመስኮት አይታ «ሲያድግ ቤቱን ወዴት ልታደርገው ነው?» አለችኝ። መልስ ስላልነበረኝ ስለ ፒየር ማኞል ነገርኳት።

ዶማዬን አንሥቼ ሁለት ሦስቴ እንደመታሁ ሽማግሌው ከአጥር ማዶ ጮኹ።

«ልጄ፣ 811 ደውለሃል?»

እኔ 911 ያሉ መሰለኝ። «አይ፣ ሁሉም ሰላም ነው» አልኳቸው።

«እስካሁን ነዋ!» አሉኝ።

ለካስ እዚህ አገር መሬት ከመቆፈር በፊት 811 ይደወላል፤ በነፃ መጥተው ከመሬት በታች ያለውን በቀለም ምልክት ያደርጋሉ። ቢጫው ጋዝ ነው፣ ሰማያዊው ውኃ፣ ቀዩ መብራት፣ ብርቱካናማው ስልክና ኬብል። እንዳሉኝ ደወልኩ። ሰውየው መጥቶ ቢጫውን መስመር እያሰመረ ዶማዬ የቆፈረው ጉድጓድ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጉድጓዱን አየ። እኔን አየ። ምንም ሳይል መስመሩን ከጉድጓዱ ጠርዝ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አሰመረና ቀጠለ። የልጅነት ጓደኛዬ ቢሆን ኖሮ ይስቅብኝ ነበር፤ እሱ ግን ዝም ማለቱ የባሰ አሳፈረኝ። ጉድጓዱን ከጋዙ አራቅኩት፤ ከነፋሱ ግን አላራቅኩትም።

አሁን ወደ ዋናው ወንጀል መጣሁ። ችግኙን ከፕላስቲኩ ሳወጣው ሥሩ ሙዳይ እንደሚሰፋበት አለላ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ኖሯል። እንዲህ ሲሆን በቢላ ጎን ጎኑን ሰንጥቆ ሥሩን መፍታት ይገባል፤ አለዚያ መሬት ገብቶም በዚያው መዞሩን ይቀጥልና ውሎ አድሮ የራሱን ግንድ ያንቃል። እኔ ቢላ ፍለጋ ኩሽና ድረስ መሄድ ታከተኝ። «ምስኪን፣ ሥሩን መቁረጥ ግፍ ነው» አልኩ። ስንፍናዬን ርኅራኄ ብዬ ስጠራ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ጉድጓዱም እንዲሁ ነው። ጥልቀቱ ሥሩ ከነአፈሩ ከሚይዘው እንዳያልፍ፣ ስፋቱ ግን ሁለት ሦስት እጥፍ እንዲሆን ነው ደንቡ፤ ሥሩ የሚሄደው ወደ ጎን ነውና። እኔ ገልብጬ ሠራሁት። ሽማግሌው እያዩኝ ስለነበር ጉልበቴን ላሳያቸው ብዬ ጠባብና ጥልቅ አድርጌ ወረድኩ። ዛፉን እስከ አንገቱ ቀበርኩት። በላዩ ላይ የተፈጨ የእንጨት ቅርፊት፣ እዚህ መልች የምንለውን፣ ግንዱን ተደግፎ ተራራ እስኪሠራ ከመርኩበት። መልች ሳሳ ብሎ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ ነው መነጠፍ ያለበት፤ ግንድ ላይ ሲከመር እርጥበት ይዞ ልጡን ያበሰብሳል፤ ለአይጥም ማደሪያ ይሆናል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እያልኩ በየዕድሩ ሰው የምመክር ሰው፣ የራሴን ነገር ከሥሩ አበላሸሁት።

ጥር መጣ። አካባቢያችን በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የብርድ ካርታ ላይ ዞን 7 ነው፤ የዓመቱ ክፉ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። ሥሩን በደንብ የያዘ ማግኖሊያ ይህን ይችላል። የእኔው ግን ገና መሬቱን እንኳ አልተዋወቀም። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የሚለብስ ዛፍ በብርድም ወራት በቅጠሉ ውኃ ማትነኑን አያቆምም። መሬቱ በብርድ ሲረጋ ሥሩ ውኃ መሳብ ያቅተዋል፤ ፀሐዩና ነፋሱ ግን ከላይ ይመጥጡታል። በዚህ ምክንያት ቅጠሉ ከጠርዙ ጀምሮ እየነደደ ቡናማ ሆነ። መንገደኛው እንዲያየው ብዬ ነፋስ ላይ የተከልኩትን ዛፍ፣ መንገደኛው አየው።

የካቲት ላይ ሞቷል ብዬ መቀስ አነሣሁ። ከላይ ጀምሬ ብዙ ከቆረጥኩ በኋላ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ከመሬት አንዱን ቅርንጫፍ አንሥተው ልጡን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ ለምለም አረንጓዴ ወጣ።

«ይሄ ሕያው ነው» አሉኝ። ሌላውን አንሥተው ፋቁ። «ይሄም ሕያው ነው። ልጄ፣ እኛ አገር ማግኖሊያ እስከ ሜይ መጨረሻ ሳይጠበቅ ሞተ አይባልም።»

መቀሱን ከጀርባዬ ደበቅኩ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው ለእኔ ሳይተረት አልቀረም፤ መከራውን የተቀበለው ግን ዛፉ ነው።

ተምሬያለሁ ያላችሁ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ያለውን ስሙ። በሚያዝያ የተረፉት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ይረግፉ ጀመር። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ ዛፍ ቅጠል የሚያረግፍ አይመስለኝም ነበር። እውነቱ ግን ቅጠሉ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ አዲሱ ሲመጣ በተራው የሚወርድ መሆኑ ነው፤ ጤነኛ ዛፍም እንዲህ ያደርጋል። እኔ ደንግጬ ማዳበሪያ ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን ለሰነፍ አትክልተኛ የተባለ ይመስል እጥፍ አድርጌ ጨመርኩ። ብርዱ ያስቀረውን የቅጠል ጫፍ ማዳበሪያው አቃጠለው። ውኃውንም እንዲሁ ነው የማደርገው። ሲታወሰኝ አጥለቀልቀዋለሁ፤ ስረሳው ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቃል። አዲስ ተክል የሚፈልገው በየሳምንቱ ጠልቆ የሚገባ ውኃ ነው። ይህ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ትዝ ማለት ብቻ ነው። እኔ የሚጎድለኝም ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ብርድ ባለቤቴ ታከታትና አራት እንጨት ተክላ፣ በነፋሱ በኩል ጆንያ ወጠረችለት። ቅጠሉ ዳነ። የማኅበር ሰዎች ሲያደንቁ «ያው ትንሽ ጥበብ ይጠይቃል» አልኩ። ባለቤቴ ቡናውን እየቀዳች ቀና ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየት ከጆንያው ይከብዳል።

አሁን ግን ለመናገር ወደምፈራው ደረስኩ። በአንድ የጁን ቅዳሜ ቤታችን ድግስ ነበር። እንግዶቹ ስለዛፌ ከእኔ ሲሰሙ ስለከረሙ «መቼ ነው የሚያብበው?» ይላሉ። እኔም «በቅርቡ» ማለት ሰልችቶኛል። ከሽማግሌው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ በአጥሩ በኩል ወደ እኔ ያዘነብላል፤ ጫፉ ላይም አንድ ትልቅ አበባ ተከፍቷል። ወዲያ ወዲህ አየሁና በእጄ ጠምዝዤ ቀነጠስኩት። በሸሚዜ ሸፍኜ አስገብቼ ረከቦቱ አጠገብ፣ ውኃ ባለበት ሳህን ላይ አኖርኩት። «የመጀመሪያዋ ናት» አልኩ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ትሑት ሰው።

ሁሉም አደነቁ። አንዱ ፎቶ አነሣ። የማላውቀው ነገር ግን ነበር። የማግኖሊያ አበባ ነጭ ሥጋው ሲነካ ይቆስላል፤ የተነካው ቦታ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ የዕድራችን ታላቅ እናት መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ አበባው ጎንበስ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የምንድን ነው?»

አየሁት። በነጩ አበባ ላይ አውራ ጣቴና አራቱ ጣቶቼ ተርታቸውን ጠብቀው፣ ቡናማ ሆነው ታትመዋል። ፖሊስ ጣቢያ እንኳ እንደዚያ የጠራ አሻራ አልሰጠሁም። እኒያ እናት አሻራውን አዩ፤ በመስኮት አሻግረው ቁመቱ የእኔን ያህል የማይሞላውን፣ እንቡጥ የሌለውን ዛፌን አዩ፤ ከዚያ የጎረቤቴን ዛፍ አዩ። ፍርዱ ተፈጸመ። ቡናቸውን ፉት አሉና «እግዚአብሔር ያሳድገው» አሉ። ዛፉን ይሁን እኔን አልለዩም።

በማግስቱ ጨንቆኝ ለሽማግሌው ተናገርኩ። ሳቁ። «ብትጠይቀኝ የሚበልጠውን እቆርጥልህ ነበር» አሉኝ። የተከፈተ አበባ እንደማይቆረጥ፣ እንቡጡ ሊፈታ ላላ ሲል በማለዳ ከነአጭር ግንዱ በመቀስ እንደሚቆረጥ፣ ነጩም በጣት እንደማይነካ አስረዱኝ። አንዱ አበባ ዕድሜው ጥቂት ቀን ነው፤ ሲከፈት መጀመሪያ እንደ ሴት ሆኖ የጢንዚዛውን ብናኝ ይቀበላል፣ በኋላ እንደ ወንድ ሆኖ የራሱን ይሰጣል። ይህን ሁሉ ስልኬ ላይ አንብቤው ነበር። እሳቸው ግን መቀሱን አስይዘው፣ የቱ እንቡጥ እንደደረሰ በጣታቸው እያመለከቱ አሳዩኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኒያን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቄያቸው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ።

ዛፉ ዛሬም አለ፤ አላበበም። ከላይ የቆረጥኩበት ስላጎደለው ዘውዱ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። የወረደው ቅጠሉም ወፍራምና ቆዳማ ስለሆነ በቶሎ አይበሰብስም፤ ጥርጊያው የእኔ ነው፣ ብዙ ጊዜም የባለቤቴ ነው። ሌላ ቦታ ላዛውረው ብዬ ዶማ ባነሣም ሽማግሌው ከለከሉኝ፤ ይህ ሥር ከተነካ ቂም ይይዛል አሉኝ። ግንዱ ላይ የከመርኩትን አነሣሁለት፤ የቀበርኩትን አንገቱንም እንደምንም ገለጥኩለት። ያ ሁሉ ጥንካሬ የተሰጠው ብርድ እንዲቋቋምበት ነበር፤ እሱ ግን እኔን ሲቋቋምበት ኖረ። እኔ ጠንካራ ዛፍ የፈለግኩት ድካሜን እንዲሸከምልኝ ነው፤ ተሸከመልኝም፤ ዋጋውን ግን ቁመቱና አበባው ከፈሉ።

እናንተም ጠንካራ ነው ሲሏችሁ እንደ እኔ አትሞኙ። ማግኖሊያ ጠንካራ የሚሆነው ሥር ከያዘ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ያሉት ሁለት ሦስት ዓመታት የተካዩ ዕዳ ናቸው። ስም ያለውን ግዙ፤ በሚያዝያ ትከሉ፤ ከነፋስ ከልሉ፤ ከግድግዳ አርቁ፤ የተጠመጠመውን ሥር ፍቱ፤ አንገቱን አትቅበሩ፤ ውኃውን በየሳምንቱ አትርሱ። ዶማ ከማንሣታችሁ በፊት 811 ደውሉ። ከዚያም በፊት አጥሩን ተጠግታችሁ ጎረቤታችሁን ጠይቁ።